የኤቢኤ ማስተርስ ለመማር ከመመዝገብሽ በፊት

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቄ እዚሁ ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አራቱ ኦቲዝም አለባቸው። ራሱን የሚመታ፣ ከክፍል የሚሮጥ፣ ዕቃ የሚበትን ልጅ በፍቅር ብቻ እንደማይረዳ አይቻለሁ። ስለዚህ በኤቢኤ (ባህርይን እየለኩና መንስኤውን እየለዩ መለወጥን በሚያስተምረው የባህርይ ትንተና ሙያ) ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከሆነልኝም ዶክትሬት መማር እፈልጋለሁ። ውጭ አገር ያለ አንድ ተቋም በኦንላይን ሁለት ዓመት ተምሬ ‹ቢሲቢኤ› እንደምሆን ነግሮኝ የመመዝገቢያ ቀን ቆርጦልኛል። አባቴ ባሶና ያለውን ባሕር ዛፍ ሸጬ እከፍልልሻለሁ ይላል። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ት. ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን።»

እህታችን ት.፣ ባሕር ዛፉ ለጊዜው አይነካ። ትምህርቱ ይቅርብሽ ማለታችን አይደለም፤ ክፍልሽ ውስጥ ያየሽው ነገር እውነት ነው፣ የመረጥሽውም ሙያ ለእነዚያ ልጆች ይጠቅማል። ነገር ግን ተቋሙ የነገረሽ አንድ ነገር አይሆንም፤ እሱን ሳታውቂ ገንዘብ እንድትልኪ አንፈልግም።

ቢሲቢኤ የሚባለውን የባህርይ ተንታኝነት ማዕረግ ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። የሚሰጠው በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አሜሪካ የሚገኘው የባህርይ ተንታኞች ሰርተፊኬት ቦርድ ነው። ይህ ቦርድ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ማመልከቻ የሚቀበልባቸውን አገሮች ስለቀነሰ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው ማመልከት አይችልም። አርቢቲ ለሚባለው የረዳት ባለሙያ ሰርተፊኬትም ሕጉ ያው ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ሆነሽ የኦንላይን ማስተርሱን በከፍተኛ ውጤት ብትጨርሺው እንኳ እጅሽ ላይ የሚቀረው ዲግሪው ብቻ ነው፤ ለፈተናው መቀመጥ አትችዪም። ተቋሙ ይህን እያወቀ ዝም ብሎሽ ከሆነ ሌላውንም ቃሉን በጥርጣሬ ብታዪው አይፈረድብሽም።

ማዕረጉ አሁን ካልተገኘ ምን ይፈለግ? የእኛ መልስ አጭር ነው፦ ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሥራሽን እየተከታተለ የሚያርምሽ ባለሙያ። ትምህርት ቤት የምትመርጪውም ገንዘብ የምታወጪውም በዚህ መለኪያ ይሁን። ለምን እንደሆነ ሥልጠናው እንዴት እንደተሠራ ስታዪ ይገባሻል።

የቦርዱ መስፈርት ማስተርስ ዲግሪና 315 ሰዓት የክፍል ትምህርት ይጠይቃል። ከዚህ 90ው የመሠረታዊ መርሆችና የፍልስፍናው ነው፤ 45 ለሥነ ምግባር፣ 45 ለልኬትና ለምርምር ንድፍ፣ 45 ለባህርይ ግምገማ፣ 60 ለባህርይ ለውጥ ዘዴዎች፣ 30 ደግሞ ሠራተኛን ለመከታተል ይውላል። ይህን ክፍል ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ሰው የትም ሆኖ ሊማረው ይችላል። ባለሙያውን የሚያወጣው ግን ሁለተኛው ክፍል፣ በክትትል ሥር የሚሠራው የተግባር ሥራ ነው፦ 2,000 ሰዓት። ክትትሉን በእጥፍ ለሚያደርግ ሰው 1,500 ይበቃል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ወር ከ20 ያነሰ ወይም ከ130 የበለጠ ሰዓት አይቆጠርም። አስተማሪ ሆነሽ በሳምንት 15 ሰዓት ብታገኚ በወር 60 ነው፤ 2,000ውን ለመሙላት 33 ወር ግድም ይፈጅብሻል። ከእያንዳንዱ ወር ሰዓት 5 በመቶው ከሱፐርቫይዘር ጋር መሆን አለበት፤ በድምሩ 100 ሰዓት ማለት ነው። በወር ቢያንስ አራት ጊዜ ትገናኛላችሁ፣ ከነዚህም ቢያንስ በአንዱ ከልጁ ጋር ስትሠሪ ያይሻል፣ የቡድን ክትትል ከጠቅላላው ክትትል ግማሽ አይበልጥም። ሱፐርቫይዘሩ በሰዓት 50 ዶላር ያስከፍላል እንበል፤ ለክትትሉ ብቻ 5,000 ዶላር ወጣ። የኦንላይን ፕሮግራሞች በማስታወቂያቸው የሚያሳዩት የክፍል ትምህርቱን ክፍያ ስለሆነ ይህ ወጪ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ የለም። ተቋሙን «ሱፐርቫይዘር ትመድቡልኛላችሁ ወይስ ራሴ ልፈልግ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው። መልሱ «ራስሽ ፈልጊ» ከሆነ ሥልጠናውን ግማሹን ብቻ እየሸጡልሽ ነው።

ሰዎች በብዛት የሚወድቁበት ሌላ ቦታም አለ። ከሰዓቱ ቢያንስ 60 በመቶው ከልጁ ጋር ፊት ለፊት መሥራት ያልሆነ ሥራ መሆን አለበት፦ ግምገማ መንደፍ፣ ግራፍ ማንበብ፣ ዕቅድ መጻፍ፣ ወላጅንና ረዳት አስተማሪን ማሠልጠን። ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር የሚውል ሰው ሰዓቱ የሞላለት ይመስለዋል፤ ሲቆጠር ግን 1,200ው ባዶ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ላይ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር የሚገባው ውል ሰዓት መቁጠር ከመጀመሩ በፊት መፈረም አለበት፣ ወርሃዊው ማረጋገጫ ቅጽ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ሳያልቅ። ያልተፈረመ ወር የጠፋ ወር ነው። ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስፈርቱ ስለሚለወጥ የምታነቢው መመሪያ የየትኛው ዓመት እንደሆነ መጀመሪያ እዪ። መመሪያው ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል።

«እኔ ማመልከት ካልቻልኩ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» ትዪ ይሆናል። ሦስት ነገር ያደርግልሻል። አንደኛ፣ አሜሪካ ሄደሽ ከተማርሽ ነዋሪነትሽ እዚያ ስለሚሆን በሩ ይከፈትልሻል፤ አስቀድመሽ የለመድሽው የአሠራር ሥርዓት ያኔ ይጠቅምሻል። ሁለተኛ፣ አይቢኤኦና ካባ የሚባሉት ሌሎቹ ሰርተፊኬት ሰጪዎች ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩትንም ይቀበላሉ፤ እነሱም የትምህርትና የክትትል ሰዓት ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ለእኛ ዋናው ነው፦ ክትትል የሌለበት ኤቢኤ ልጅ ይጎዳል። የዚህ ሙያ የቀድሞ ዘመን በቅጣት የተሞላ ነበር፤ አድገው ስለደረሰባቸው የሚናገሩ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ ጥሩ ፕሮግራም ልጁ ራሱ መስማማቱን ማየትን ያስተምራል። በትምህርት ዝርዝሩ ውስጥ ይህ ከሌለ እለፊው።

ወደ መንገዶቹ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ብዙውን ጊዜ ከኪስ የሚከፈል ነው፤ ዶክትሬት ግን በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ ምሕረትና የወር አበል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ «መጀመሪያ ማስተርስ፣ ከዚያ ዶክትሬት» የሚለው የአገራችን ቅደም ተከተል እዚያ ላይ ኪስ ያራቁታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚመጣን ተማሪ በቀጥታ ለዶክትሬት የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ማስተርስ የሚጠይቁም አሉ። እያንዳንዱን ማየት ያስፈልጋል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ይህ ሙያ መልክ የያዘበት ቦታ ነው፤ ቤር፣ ዎልፍና ሪስሊ በ1968 ሰባቱን የሙያው መለያዎች የጻፉት እዚያ ሆነው ነው። ዌስተርን ሚሺጋንና ኖርዝ ቴክሳስም ስመ ጥር ናቸው። በዓለም አቀፉ የባህርይ ትንተና ማኅበር፣ በኤቢኤአይ፣ ዕውቅና ያገኙትን ፕሮግራሞች አስቀድሚ።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚቀበልሽ አንድ ፕሮፌሰር ነው፣ ለራሱ ላብራቶሪ። ስለዚህ ከማመልከቻው ሁለት ሦስት ወር ቀድመሽ ኢሜይል ጻፊለት። ደብዳቤው ከአሥር መስመር አይብለጥ፦ የት እንደምትሠሪ፣ ከጽሑፎቹ የትኛውን አንብበሽ ምን ጥያቄ እንዳነሳብሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ። ጽሑፉን ከየት አገኛለሁ ካልሽ፣ የሙያው ዋና መጽሔት (ጆርናል ኦፍ አፕላይድ ቢሄቪየር አናሊሲስ) ከ1968 እስከ 2012 ያሉት ዕትሞቹ ፐብመድ ሴንትራል በሚባለው የጥናት ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጠዋል። የዶክትሬት ማመልከቻ የሚዘጋው በአብዛኛው ከኅዳር 22 እስከ ጥር 7 ባለው ጊዜ ነው። ተማሪ ቪዛ ይዘሽ በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት እንደማይፈቀድ፣ ከግቢ ውጭ ለሚሠራ የተግባር ሥራ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ እወቂ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰዓት ቪዛውን ያሳጣል።

ሁለተኛው መንገድ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቨኒንግ ነው። የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ማስተርስ ይከፍላል፣ ኦንላይን አይከፍልም፣ ሁለት ዓመት ወይም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሺም አገርሽ ተመልሰሽ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ለአንቺ ግዴታው ሸክም አይመስለንም። ሦስት ኮርስ ትመርጪያለሽ፤ የቤልፋስቱ ኩዊንስና የዌልሱ ባንጎር በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። በአብዛኛው በሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ተከፍቶ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይዘጋል። እንግሊዝ የራሷ የባህርይ ተንታኞች መዝገብ ስላላት የዚያ አገር ትምህርት ወደ አሜሪካው ማዕረግ በቀጥታ አያደርስም።

አገር ውስጥ መቅረት ካለብሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ አለ፤ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋቱን፣ ማለፍ ይጠበቅብሻል። ከዚያ ጎን ለጎን የርቀት ሱፐርቫይዘር መያዝ ይቻላል። ይህ መንገድ ዝቅ ያለ አይደለም፤ የመመረቂያ ጥናትሽን በነጠላ ተማሪ ንድፍ (አንድን ልጅ ከራሱ መነሻ ጋር እያነጻጸርሽ) ከሠራሽው ለዶክትሬት ማመልከቻ ከማንም የማያንስ ፋይል ይሆንልሻል።

የእኛ ምርጫ ምን ነው ብትዪን፣ ዘንድሮ የትም አትመዝገቢ። ይህን ዓመት ማስረጃ ሥሪበት፤ በሚመጣው ዓመት ለቼቨኒንግና ለአራት አምስት የአሜሪካ ዶክትሬቶች አመልክቺ፤ ጋቱንም ተፈተኚ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ፋይል ይፈልጋሉ።

የፋይሉ ልብ አንድ በደንብ የተለካ ሥራ ነው። ለምሳሌ «ደብተር አውጣ» ሲባል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ገፍቶ የሚጥል የስምንት ዓመት ልጅ ክፍልሽ ውስጥ አለ እንበል። መጀመሪያ ባህርዩን ማንም ሰው አይቶ በሚቆጥረው መንገድ ጻፊው፦ «በእጁ ወይም በክንዱ ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ ወደ መሬት መጣል»። «ይረብሻል» አይቆጠርም። ከዚያ በየቀኑ በተመሳሳይ 30 ደቂቃ፣ ምንም ነገር ሳትለውጪ፣ ለአምስት ቀን ያህል ቁጠሪ፤ መነሻው ይህ ነው። ከነዚህ ቀናት በአንዱ ሌላ አስተማሪ አንቺን ሳያይ ለብቻው ይቁጠር። አንቺ 20፣ እሱ 18 ካላችሁ ትንሹን ለትልቁ አካፍለሽ በ100 ስታባዢው 90 በመቶ ይመጣል። ከ80 በታች ከሆነ ትርጉማችሁ ልል ነውና አጥብቃችሁ እንደገና ጀምሩ።

ጎን ለጎን እያንዳንዱን ጊዜ በሦስት ዓምድ መዝግቢ፦ ከመጣሉ በፊት ምን ሆነ፣ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። ሃያ ሠላሳ መዝገብ ሲደርስ መልኩ ይወጣል። «ጻፍ» ከተባለ በኋላ የሚጥለው፣ ከጣለ በኋላም ደብተሩ የሚነሳለት ከሆነ ልጁ ከሥራው ማምለጥን ተምሯል። መልሱ ቁጣ አይደለም፤ ማምለጫውን በጨዋ መንገድ እንዲጠይቅ ማስተማር ነው። ጠረጴዛው ላይ የዕረፍት ካርድ ይቀመጥ፤ ሊጥል ሲል ሳይሆን ገና ጽሑፉ ሲጀመር እጁን ይዘሽ ካርዱን እንዲሰጥሽ አድርጊና ወዲያው የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ስጪው። በመጀመሪያው ሳምንት በጠየቀ ቁጥር፣ ያለ ክርክር። ካርዱን ሲለምድ «አንድ መስመር ጻፍ፣ ከዚያ ካርድ»፣ ቀጥሎ ሁለት መስመር።

ይህ የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ካርዱ ከልጁ እጅ ሲርቅ፤ አንቺ በሌለሽበት ሌላው አስተማሪ ዕቃ ሲጥል ደብተሩን ሲያነሳለት፤ እና ባህርዩ ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ቀን ሲብስ «አልሠራም» ብሎ መተው። ሲብስ ከተሸነፋችሁ ልጁ የሚማረው አጥብቆ መጣል እንደሚያዋጣ ነው።

የአካባቢያችን ነገር ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ማበረታቻ ብለሽ ወተት ያለበት ብስኩት በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴም ብትሰጪ እናትየው ቅር ይላታል፣ በአንቺ ላይ ያላትንም እምነት ታጪያለሽ። የሚጾም ቤት ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂና የጾም የሆነ ነገር፣ ይልቁንም ጨዋታ ምረጪ። ልጁ ወደ ጸበል ከሄደም መከራከር የአንቺ ሥራ አይደለም፤ ግራፉ ላይ በሄደበት ቀን ቀጥ ያለ መስመር አስምሪ፣ ሲመለስም አዲስ መነሻ ጥቂት ቀን ውሰጂ። አለበለዚያ ለውጡ ከምን እንደመጣ አንቺም ቤተሰቡም አታውቁም።

ራሱን ለሚመታው ልጅ ግን ይህን ብቻሽን አትሞክሪ። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ መናገር የማይችል ልጅ የጆሮ ወይም የጥርስ ሕመም ራሱን ሊያስመታው ይችላል፣ የሚጥል በሽታም ሊሆን ይችላል። አይዋታና ባልደረቦቹ በ1982 ያወጡት የባህርይ መንስኤ መፈተኛ ዘዴ ባህርዩ ሆን ተብሎ እንዲመጣ የሚያደርግ ስለሆነ የሠለጠነ ሱፐርቫይዘር በሌለበት አይሠራም። ለማንኛውም መዝገብ ደግሞ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ፤ ቪዲዮ ለውጭ ሱፐርቫይዘር የምትልኪ ከሆነ ፈቃዱ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ይግለጽ። የልጁ ስም ፋይሉ ላይ አይኑር።

ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘሽ አዲስ አበባ ብትሰነብቺ ጥሩ ነው። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በኦቲዝም ላይ ረጅም ልምድ ያላቸው ናቸው፤ በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ከግንቦት ጀምረሽ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ነው። ብዙ ወላጅ በርቀት ለሚኖርበት ለሰሜን ሸዋ ከአንድ ለአንድ ሕክምና ይልቅ ይህ ዓይነቱ ያዋጣል፤ ለስኮላርሺፕ ድርሰትሽም ጠንካራ ሐሳብ ይሆንልሻል። የ40 ሰዓቱን የረዳት ባለሙያ ሥልጠና ደግሞ ኦቲዝም ፓርትነርሺፕ ፋውንዴሽን በኦንላይን በነፃ ይሰጣል። ማዕረጉን አያስገኝልሽም፣ ቋንቋውን ግን ያስለምድሻል።

ወረቀቱን በአጭሩ እንለፈው። የወጪ መጋራት ዕዳሽ ካልተዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት ያስቸግራል፤ በመምህርነት አገልግሎት የሚታሰብልሽ ከሆነ ደብዳቤውን ከመሥሪያ ቤትሽ አሁኑኑ ጠይቂ። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ ከማመልከቻው ብዙ ቀድመሽ አትፈተኚ። የውጭ ዲግሪ አገር ውስጥ የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ሲሰጠው ነው፤ የኦንላይን ዲግሪ ሐሳብ ዳግመኛ ከመጣብሽ የተቋሙን ስምና የትምህርቱን ዓይነት ጽፈሽ ከባለሥልጣኑ መልሱን በጽሑፍ ሳትቀበዪ አንድ ብር አትክፈዪ። አሁን ለያዝሽው ተቋም ደግሞ ይህን ብቻ ጻፊለት፦ «ነዋሪነቴ ኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ ለቢሲቢኤ ፈተና መቀመጥ እንደምችል የሚያሳየውን የቦርዱን ሕግ ላኩልኝ፤ የሱፐርቫይዘሬን ስምና ክፍያም ጨምሩበት።» መመዝገቢያው ቀን ቢያልፍም መልሱን ጠብቂ።